የውባንች ናሙና

ፈረደ በሽንፋ አካባቢ ሰሊጥና ማሽላ የሚያመርት ገበሬ ነው። አባቱ ከደጋ ወርደው፣ ጫካ መንጥረው፣ ከወባና ከእባብ ተርፈው ባቀኑት መሬት ላይ ከሚስቱ ከውባንች ጋር እያረሰ ኖሯል። ውባንች ብዙ የማትናገር፣ ከተናገረች ግን ነገር የምትቆርጥ ሴት ነበረች። አንዲት ልጃቸውን ማስተዋልን ለአብደራፊ ሰው ከዳሩ ወዲህ ቤቱ የሁለቱ ብቻ ሆነ። ወደ እርሻ አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። የሰፈሩ ሰው ፈረደን ሲፈልግ ውባንች የት እንዳለች ነበር የሚጠይቅ።

በግራ ጡቷ ውስጥ እንደ ሽምብራ ያለች ነገር ስታገኝ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ይሄዳል ብላ ጠበቀች። ፈረደ ያወቀው ሽምብራዋ እንቁላል ካከለች በኋላ ነው፤ ያውም የማሽላ ነዶ ስታነሳ ፊቷ ሲጨማደድ አይቶ አላስቀምጥ ስላላት። ተቆጣት። ቁጣው የፍርሃት ነበረና ብዙም አልቆየ። በማግስቱ ይዟት ወደ ሆስፒታል ሄደ።

ሆስፒታሉ ሸሕዲ ላይ፣ በዋናው መንገድ ዳር ያለ ትንሽ ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ እብጠቱ በኦፕሬሽን መውጣት እንዳለበት፣ ምንነቱ የሚታወቀው ግን በላቦራቶሪ ሲመረመር እንደሆነ፣ ያንን የሚያይ ላቦራቶሪ ደግሞ ያለው ጎንደር መሆኑን አስረዳቸው። ክፉ ዓይነት ከሆነ የሚቀጥለው ሕክምና በመልሱ ይወሰናል። ውባንች ሰምታ ስታበቃ፣ «እንግዲያው ይውጣ» አለች።

ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ ቆላው የሚነድበት። ኦፕሬሽኑ በሰላም አለቀ። የኦፕሬሽን ክፍሏ ነርስ ሲስተር ስመኝ ወጥታ ለፈረደ አንድ ጥቁር ፌስታል ሰጠችው። ውስጡ አፏ ጠበብ ያለ የፕላስቲክ ብልቃጥ አለች፤ በብልቃጧም ከውባንች የተቆረጠው ሥጋ ተጠቅጥቆ ገብቷል። እንዳይበላሽ ፎርማሊን የሚሉት ዓይን የሚያቃጥል ፈሳሽ ተጨምሮበታል። ፈሳሹ እጥረት ስለነበረ ከላይ ከላይ ከማርጠብ አላለፈም። ፈረደ ይህን የሚያውቅበት አልነበረም። ሲስተር ስመኝ ታውቅ ነበር፤ ግን ያላት ያው ነው። ዛሬ ነገ ሳይል ጎንደር እንዲያደርሰው አደራ አለችው። የሁሉም ሕመምተኛ ናሙና እንዲሁ ነበር የሚሄደው። ዘመድ ያለው በዘመዱ እጅ ይላክለታል፤ ዘመድ የሌለው፣ ለምሳሌ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ፣ የሚወስድለት እስኪገኝ ብልቃጡ መደርደሪያ ላይ ይከርማል።

ፈረደ ከመሄዱ በፊት ወደ ውባንች ገባ። ሰመመኑ ለቋት ዓይኗን ከፍታ ነበር።

«እሱ ነው?» አለችው ወደ ፌስታሉ እያየች።

«እሱ ነው።»

«አደራህን፣ እንዳትጥለው። ክፉም ቢሆን የኔ ገላ ነው።»

ከሸሕዲ መናኸሪያ የተሳፈረበት መኪና ሞልቶ ነበር። ሹፌሩ ሷሊህ የሚባል የመተማ ሰው ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ያረጀ፣ ከወዲያ ማዶ ከሱዳኖች ጋር ሲነግድ ስላደገ አማርኛውን በዐረብኛ ጣል ጣል የሚያደርግ፣ ሰውን ተሳፋሪ ብቻ አድርጎ የማያይ ሰው። ፈረደ ፌስታሉን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ያዘው። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ ማር እንደሆነ ጠየቀችው። አይደለም አላት። ቅቤም እንደሆነ ልትጠይቀው ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው።

መኪናው ውስጥ ሙቀቱ ሲበረታ ብልቃጧ በክዳኗ በኩል ማፍሰስ ጀመረች። ሽታው መጀመሪያ የጎረቤቱን አፍንጫ፣ ቀጥሎ የመኪናውን ሰው ሁሉ ያዘው። ልጅ ያቀፈች እናት ልጄ ታፈነብኝ አለች። ከኋላ የነበሩት ይጣል ይሉ ጀመር። ሷሊህ ዳር ይዞ ቆመና ወደ ፈረደ መጥቶ ምን እንደያዘ ጠየቀው።

ፈረደ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። የሚስቴን ጡት ይዣለሁ ብሎ ለዚያ ሁሉ እንግዳ ሰው መንገር አልሆነለትም። የውባንችን ገመና ገበያ ማውጣት መሰለው።

«መድኃኒት ነው» አለ።

«መድኃኒት ከሆነ ላይ ይሁን። ማሌሽ አያ፣ ሰው ተቸገረ» አለ ሷሊህ፤ ይቅርታ ማለቱ ነው። ተቀብሎት ወደ ጣራው ወጣና በጆንያዎቹ መካከል ራሱ አሰረው።

አይከል ሳይደርሱ መንገዱ ተዘጋ። ከፊት ተኩስ አለ ተባለ። መኪናው ሁሉ እንደ ቆመ ቀረ፤ ከኋላም ሌላ መኪና እየመጣ ስለተደረደረ መመለሻ የለም። ሰው በየዛፉ ጥላ ተበታተነ። ስልክ አይሠራም። የዚያ ዕለት አልተከፈተም፣ የማግስቱም አልተከፈተም። ፈረደ ከጥላው ሆኖ ዓይኑን ከጣራው ላይ አይነቅልም ነበር። በኋላ አላስችል ሲለው ወጣ። ብልቃጧ ተገልብጣ፣ ፌስታሉ ርሶ፣ ጆንያው ፈሳሹን ጠጥቶት አገኘ። ቀና አደረጋት፤ በነጠላው ጠቅልሎ ይዟት ወርዶ ከዛፉ ሥር አብሯት ተቀመጠ። ውኃ ልጨምርባት ብሎ አሰበ። ደግሞ ውኃ ያበላሻት ይሆናል ብሎ ፈራ። የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

መንገዱ ተከፍቶ ጎንደር ሲደርስ ናሙናውን የተቀበለው ዶክተር ለይኩን የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር። ፈረደን ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀምጦት ገባ። ሲመለስ ግን ቆሞ አልተናገረም፤ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሥጋው ውስጥ ድረስ በፈሳሹ መራስ እንደነበረበት፣ ፈሳሹ ሲያልቅና ሙቀት ሲያገኘው መካከሉ እንደበሰበሰ፣ ከዚህ በኋላ በመሣሪያም ቢያዩት መልኩን እንደማይናገር ቀስ ብሎ አስረዳው። ከቁስሉ ዳር ሌላ ናሙና ተቆርጦ መምጣት አለበት አለው።

ፈረደ ያንን የበሰበሰውን ምን እንደሚያደርጉት ጠየቀ። ዶክተሩ በሥርዓቱ እንደሚቃጠል ነገረው። ፈረደ ተነሣ፤ በሩ ላይ ደርሶ አንድ ጊዜ ዞሮ አየ። ሰው ጥሎ የሚሄድ መሰለው።

ሲመለስ ለውባንች አልደበቃትም። ሁሉንም ነገራት፤ መኪናው ውስጥ ሰው ፊት ማፈሩን ጭምር። እሷ ጣራውን እያየች ሰማችው።

«እንግዲህ እሱም እንደኔ የቆላውን ሙቀት አልቻለም» አለች። ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ፈረደ ግን አልቻለም።

ቁስሏ ሳይጠግግ እንደገና መቆረጡን አልፈለገችም። ይዳንልኝና እንሄዳለን አለች። ቁስሉ ሊድን ሲል ዝናቡ ጀመረ። የሽንፋ አካባቢን የሚያውቅ ሰው ክረምት ሲገባ ጥቁር አፈሩ እንዴት እንደሚሆን ያውቃል፤ ሰው በእግሩ ሲሄድ ጫማው ይቀራል፣ ትራክተር እንኳ ገብቶ አይወጣም። ወንዙም ይሞላል። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ የውባንች ብብት ሥር ሌሎች እብጠቶች ወጥተው ነበር። ያን ጊዜ ጎንደር ወሰዳት። እዚያው ናሙና ወስደው እዚያው መረመሩትና መልሱ ሳይዘገይ መጣ። ካንሰር ነው፤ ወደ ሳንባዋም ደርሷል።

«ቀደም ብሎ ታውቆ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረ ሐኪሙ። የፈረደን ፊት ሲያይ ሳይጨርሰው ቀረ። ፈረደ ያንን ያላለቀ ቃል ይዞት ተመለሰ። እርሻ ሲወርድ፣ ከብት ሲያጠጣ፣ ውባንችን ደግፎ ፀሐይ ሊያስመታት ሲያወጣ በልቡ እየጨረሰው ከረመ።

ውባንች ያረፈችው ሰሊጡ እየታጨደ፣ የታጨደው ነዶ ቆሞ በሚደርቅበት ሰሞን ነው። ማስተዋል ከአብደራፊ ደርሳላት ነበር፤ እጇን ይዛ ሸኘቻት። የሰሊጥ አጫጆቹ፣ በቆላው አነጋገር ሳሉጎቹ፣ ሞቷን እርሻ ላይ ሰሙ። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ፍሬው ከረገፈ ያልቃል። እነሱ ግን ማንም ሳያዛቸው ማጭዳቸውን ጥለው መጡ። መቃብሩን የቆፈሩት እነሱ ናቸው። ውባንች እህል ስታወጣላቸው ውኃ ጥም ያለበትን ከፊቱ አይታ የምታውቅ ሴት ነበረች። አንድ ጎልማሳ የጎጃም ሰው በአገሩ ዜማ አንጎራጎረላት። እናቱን ሲቀብሩ በአጨዳ ላይ ሆኖ እንዳልደረሰ ጓደኞቹ ለፈረደ ነገሩት፤ ሰውየው ለውባንችም ለእናቱም ነበር የሚያለቅስ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ሲስተር ስመኝ ልታጽናናው መጣች። ማንም አልላካትም። ጎንበስ ብላ ከተቀመጠች በኋላ ሳታስበው ነገሩን አመጣችው። ሆስፒታሉ አፈ ሰፊ ብልቃጥና በቂ ፎርማሊን እንዲያስመጣ ደጅ ስትጠና ከርማ እንደተሳካላት፣ አሮጌ የክትባት ማመላለሻ ሳጥን አግኝታ ብልቃጦቹ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ውስጡን በስፖንጅ እንደሞላችው፣ ዶክተር ለይኩንም ጎንደር ላይ ሳጥኑን የሚቀበል ሰው እንደመደበላት ነገረችው። የቀራት የሚያደርሰው ነው። የጎንደር መንገድ ሹፌሮች እሺ አላሏትም። ናሙናው አሁንም በየዘመዱ እጅ ነበር የሚሄደው።

ፈረደ አንገቱን ደፍቶ ሰማትና ቀና አለ።

«ይኼ ሁሉ ያኔ የት ነበረ?»



«ብልቃጧን የሰጠሁዎት እኔ ነኝ፣ አያ ፈረደ» አለች ሲስተር ስመኝ። «ትንሽ እንደሆነች እያየሁ ነው የሰጠሁዎት። ለዚያ ነው የመጣሁት።»

አለቀሰች። እሱ አላጽናናትም፤ አልሰደባትምም። ስትሄድ እንደ ደንቡ እስከ ደጅ ሸኛት። ከሸኛት በኋላ ግን ነገሩ አልተወውም። ሰሊጡ ተራግፎ ከገባ በኋላ አንድ ሰኞ ተነሥቶ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ። ሲስተር ስመኝ በኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ አገኘችው። መደርደሪያው ላይ አንዲት ብልቃጥ ብቻዋን ቆማ አየ። የማን እንደሆነች ጠየቀ። የአንድ አንገቱ ያበጠ ሳሉግ ናት፤ ሰውየው ዘመድ የለውም፤ ሰነባብታለች አለችው።

«ሹፌሮቹን አብረን እንጠይቅ» አላት።

ወደ ሸሕዲ መናኸሪያ፣ ሹፌሮቹ ወረፋ ወደሚጠብቁበት የኒም ዛፍ ጥላ ሄዱ። ሲስተር ስመኝ ሳጥኑን ከፍታ አሳየቻቸው። ብልቃጦቹ እንደማያፈሱ፣ እንደማይሸቱ፣ የሚፈለገው ጥላና ቀና ብሎ መቀመጥ ብቻ እንደሆነ፣ መንገድ ከተዘጋም ቶሎ መደወል እንዳለባቸው አስረዳች። ሹፌሮቹ በአክብሮት ሰሟት። ከዚያ አንዱ፣ የሰው ሥጋ የጫነ መኪና ገድ የለውም አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሷሊህ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር።

ፈረደ ብድግ አለ። ሰው ፊት መናገር ለምዶ አያውቅም።

«እኔ ባለፈው ሚያዝያ ከዚህ መናኸሪያ ተሳፍሬ የሚስቴን ጡት ይዤ ሄጃለሁ» አለ። «ምን እንደያዝሁ ሰው ፊት ማውራት አፈርሁ። መድኃኒት ነው አልሁ። ሸተተ ተብሎ ጣራ ላይ ወጣ። ፀሐይ በላው። በሽታዋ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ክረምት ገባ፤ አሁን አፈር ውስጥ ናት። መኪናው ግን በሰላም ሄዶ በሰላም ተመልሷል። ገድ ያጣሁት እኔ ነኝ።»

ፈረደ የሹፌሩን ስም አልጠራም፤ ወደ ሷሊህም አላየም። ሷሊህ ግን ከጎማው ላይ ተነሥቶ ወደሱ መጣ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«አያ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አለው ቀስ ብሎ።

«አፈርሁ አልሁህ እኮ።»

«ጉልበቴ ላይ ይዣት እሄድ ነበር። ወላሂ ይዣት እሄድ ነበር።»

ፈረደ እውነቱን እንደሆነ ያውቃል። ያ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያ መኪና ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። ታፈነብኝ ያለችው እናትም ልጇን ብላ ነው። አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ማንም ጣራ ላይ አያወጣትም ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን በልቡ ሲሸሸው ኖሯል።

ሷሊህ ሳጥኑን ከሲስተር ስመኝ እጅ ተቀብሎ ከራሱ መቀመጫ ኋላ፣ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ አስቀመጠው። የዚያ ዘመድ ያጣ ሠራተኛ ብልቃጥ በዚያው ዕለት ጎንደር ገባች። ሌሎቹ ሹፌሮች አንድ በአንድ እሺ ያሉት በኋላ ነው፤ ገድ የለውም ያለው ሰው መጨረሻ ላይ ተጨመረ።

ነገሩ ሁልጊዜ አልጋ በአልጋ አልነበረም። መንገድ እንደገና የተዘጋበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሷሊህ ሳጥኑን በመኪናው ሥር ጥላ አሳደረው፤ ስልክ እስከሚይዝበት ጉብታ በእግሩ ወጥቶ ለሲስተር ስመኝ ደወለላት። እሷ በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ለሚሠራ ጓደኛዋ ነግራ ፈሳሹ ታይቶ እንዲሞላ አደረገች። አንድ ጊዜ ደግሞ ሳጥኑ ጎንደር ደርሶ ተቀባዩ ሳይኖር ቀርቶ መናኸሪያ ውሎ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ ሳጥኑን የሚለቀው ተቀባዩ እጅ ላይ ብቻ ሆነ። የዚያ ሠራተኛ መልስም መጣ፤ የአንገቱ እብጠት በመድኃኒት የሚድን የቲቢ ዓይነት ነበር። እሱ ግን መልሱ ሳይደርስ የማሽላውም አጨዳ አልቆ ወደ አገሩ ሄዷል። ፈረደ ወደ ጎጃም ለሚመለሱ ሠራተኞች ሁሉ ስሙን እየነገረ መልእክት ላከ። ይድረሰው አይድረሰው የሚያውቅ የለም።

የፈረደ ድርሻ ቀላል ነበር። ከሽንፋ በኩል የሚመጡ ሕመምተኞችን ተቀብሎ ወደ ሆስፒታሉ ያደርሳል፤ ኦፕሬሽን ሲገቡ ከዘመዶቻቸው ጋር ይቀመጣል። ውባንችን አንስቶ አይነግራቸውም ነበር። በሽታ ገመና እንዳልሆነ፣ የተጠየቁትን ሁሉ ሳያፍሩ እንዲናገሩ ብቻ ይነግራቸዋል። አንዳንዶቹ ሚስቱ በምን እንደሞተች ሰምተዋል፤ አንዳንዶቹ ዝም ብሎ ደግ ሽማግሌ ይመስላቸዋል።

ከነዚህ አንዷ አሰበች ነበረች። የሦስት ልጆች እናት ስትሆን የሽንፋ ሴት ናት፤ እሷም ጡቷ ውስጥ እብጠት አገኘች። ባሏ ፈርቶ ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ ይዞር ስለነበረ ፈረደ ነበር አግዳሚው ላይ የጠበቃት። ናሙናዋ በሳጥኑ ሄደ፤ መልሱ ሲመጣም ለሲስተር ስመኝ በስልክ ነገሯት። እሷ ወጥታ ለአሰበች እብጠቱ ክፉ እንዳልሆነ፣ ወጥቶ አልቋልና ሌላ ሕክምና እንደማያስፈልጋት ነገረቻት።

አሰበች ተንበርክካ መሬት ሳመች። ከዚያ ዞራ የፈረደን ትከሻ ሳመችው። ባሏ ከውጭ ተጠርቶ መጥቶ፣ ነገሩን ሁለት ጊዜ አስደግሞ ሰምቶ፣ ፈረደን አቅፎት አልለቀው አለ። ሲስተር ስመኝ ከበሩ ቆማ ፈረደን ታየው ነበር። እሱም አያት። ሁለቱም ስለማን እያሰቡ እንደሆነ ተግባቡ።

ፈረደ ደስ ብሎታል፤ ውሸት አልነበረም። ከግቢው ወጥቶ መንገዱን ሲይዝ ግን ደስታው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠበት። የአሰበች ብልቃጥ በሰላም የገባችበት መንገድ ያው የውባንች መንገድ ነው። መኪናው ያው፣ ሹፌሩ ያው፣ ሙቀቱም ያው። ይህን ማሰቡ እንደ ቅናት ሆኖበት አፈረ። እግዜርን ይቅር በለኝ አለው።

ቤቱ ሲደርስ ፀሐይ ወደ ሱዳን በኩል ልትገባ ተቃርባ ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ለሰው የሚነግሩት ነገር ይዞ ሲመጣ የሚነግረው ለውባንች ነበር፤ አሁን ለማን ይንገር? ስልኩን አወጣና ማስተዋል ጋር ደወለ። እሷ ከብት ጠጣ ወይ፣ እህል በላህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ሁሉንም መለሰላት።

«የአሰበች መልስ መጣ» አላት ከዚያ። «ክፉ አይደለም አሉ።»

በስልኩ ከማስተዋል በኩል ትራክተር ሲያልፍ ይሰማል።

«ደግ ነው አባባ» አለች። «ደግ ነው።»

ማናቸውም ስልኩን አልዘጉትም፤ አብደራፊና ሽንፋ ላይ ሆነው፣ አንዱ የሌላውን ለቅሶ እየሰማ፣ እስኪመሽ ቆዩ።